የደብርና የማኅበር ንዋይ በምን ራእይና በምን ሥርዓት ሊያዝ ይገባዋል

ራእይ የሚለው ቃል «ርእየ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጓሜው ከማየት ጋር የተያያዘ ነው። በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ በተለይ የሚነገረው ለነቢያት ከእግዚአብሔር ዘንድ ስለሚገለጥላቸው ነገር ነው። በዘመናችን ግን ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶችና ማኅበራት ልንደርስበት እናስባለን የሚሉትን ዓላማ ራእይ ብለው መጥራት ልማድ አድርገውታል፤ በጽሕፈት ቤታቸውም ግድግዳ ላይ በመስተዋት አድርገው ይሰቅሉታል። አጠራሩ አይነቀፍም። የሚያስነቅፈው በግድግዳው ላይ የተጻፈውና በሒሳብ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ሳይተዋወቁ ሲቀሩ ነው። አንድ ማኅበር ዓላማዬ የአብነት ትምህርት ቤቶችን መርዳት ነው ብሎ ከጻፈ በኋላ የዓመቱ ወጪ ሲመረመር አብዛኛው ለድግስና ለመጓጓዣ የዋለ ሆኖ ቢገኝ፥ የማኅበሩ እውነተኛ ራእይ የትኛው እንደ ሆነ የሚመሰክረው መዝገቡ ነው።

የደብርም ሆነ የማኅበር ንዋይ ልዩ ጠባይ አለው። ነጋዴ ገንዘቡን ቢያባክን የሚያባክነው የራሱን ነው፤ መክሰሩንም ከሁሉ አስቀድሞ ራሱ ያውቀዋል፤ ገበያው ይነግረዋልና። ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ዘንድ ግን ሰጪው ሌላ፥ አዛዡ ሌላ፥ ተረጂው ሌላ ነው። ስለቷን በሙዳየ ምጽዋት የጨመረች እናት ብሯ ጧፍ ይግዛ ወይም ቆርቆሮ፥ ወይም የመኪና ነዳጅ ይሁን ተከትላ ልታይ አትችልም። ከደጀ ሰላም ቁራሽ የሚጠባበቀው የቆሎ ተማሪም ዓመቱን ሙሉ በስሙ ምን ያህል ገንዘብ እንደ ተሰበሰበ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እንግዲህ ስሕተቱን የሚናገር ገበያ ስለሌለ፥ በገበያው ፈንታ የሚናገር ሥርዓት ሊኖር ግድ ነው። ይህን ሥርዓት አንዳንዶች ከፈረንጅ የመጣ ጥበብ አድርገው ያደንቁታል፤ ሌሎችም በዚሁ ምክንያት ይሸሹታል። ሁለቱም ወገኖች ኦሪት ዘጸአትን እስከ ፍጻሜው ቢያነብቡ አሳባቸውን በለወጡ ነበር።

እግዚአብሔር ሙሴን የምስክሩን ድንኳን እንዲሠራ ባዘዘው ጊዜ አስቀድሞ ምሳሌውን በተራራው ላይ አሳየው፤ ርዝመቱንና ወርዱን፥ የሳንቃውን ብዛት፥ የመጋረጃውን ዓይነት በዝርዝር ነገረው። ራእዩ በክንድ የሚለካ ነበር። ሙሴም ወደ ሕዝቡ በተመለሰ ጊዜ ስጡ ብቻ ብሎ አልተወም። ወርቅ፥ ብርና ናስ፥ ሰማያዊና ሐምራዊ ግምጃ፥ ጥሩ በፍታ፥ የፍየል ጠጉር፥ የመብራት ዘይት እያለ የሚፈለገውን በየስሙ ጠራ፤ የሚሰጠውም ልቡ የፈቀደ እንዲሆን አደረገ (ዘጸ. ምዕ. 35)። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በዘመናችን እጅግ ብርቅ ነው። ሠራተኞቹ ወደ ሙሴ መጥተው ሕዝቡ ለሥራው ከሚበቃው በላይ እያመጣ መሆኑን ነገሩት፤ ሙሴም ከእንግዲህ ማንም ምንም እንዳያመጣ በሰፈሩ ሁሉ አሳወጀ፤ ሕዝቡም ከማምጣት ተከለከለ (ምዕ. 36)። በቃን ብሎ ያሳወጀ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር ደስ ይለናል። ሙሴን ለዚህ ያበቃው የሚሠራውን ነገር ልክ ማወቁ ነው። ስንት ሳንቃ እንደሚያስፈልገው ያላወቀ ሰው የመጣለት ሳንቃ በቂ መሆኑን ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ሲለምን ይኖራል፤ በመጨረሻም ልመናው ራሱ ሥራ ይሆንበታል።

ቀጥሎ ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘልሉት ምዕራፍ ይመጣል። በምዕራፍ 38 ለድንኳኑ የገባው ንዋይ በሙሴ ትእዛዝ፥ በካህኑ በአሮን ልጅ በኢታምር እጅ ተቈጠረ። ወርቁ 29 መክሊት ከ730 ሰቅል ሆነ። ብሩ ከተቈጠሩት ወንዶች በነፍስ ወከፍ ግማሽ ሰቅል የተከፈለ ነው፤ የተቈጠሩትም 603,550 ናቸው። አንባቢ እርሳስ ይዞ ሊያሰላው ይችላል። የ603,550 ግማሽ 301,775 ነው፤ አንዱ መክሊት 3,000 ሰቅል ስለሆነ ይህ 100 መክሊት ከ1,775 ሰቅል ይሆናል። መጽሐፉ የሚሰጠውም ቍጥር ይኸው ነው፤ አንድ ሰቅል አልጎደለም፥ አልተረፈም። ወጪውም ተጽፎአል፤ መቶው መክሊት ለመቶ እግሮች፥ ለእያንዳንዱ እግር አንድ መክሊት ሆነ፤ የቀረው 1,775 ሰቅል ለምሰሶዎቹ ኩላቦችና ለጉልላቶቻቸው ማስለበጫ ዋለ። ይህን ሒሳብ ያስቈጠረው ከእግዚአብሔር ጋር አፍ ለአፍ የተነጋገረው ሙሴ ነው። ከእርሱ ይልቅ የታመነ ሰው በእስራኤል ዘንድ አልነበረም፤ መታመኑ ግን ሒሳብ ከማቅረብ ነጻ አላወጣውም። በአገራችን የጽዋ ማኅበር መሪ «ሙሴ» ተብሎ ይጠራል። ይህ ስም ሕዝብ መምራትን ብቻ ሳይሆን ምዕራፍ 38ንም ሊያሳስበን ይገባል ባይ ነኝ።

ሥርዓት ሲጎድል ምን እንደሚሆን ደግሞ የንጉሡ የኢዮአስ ታሪክ ያሳየናል (2ኛ ነገሥት ምዕ. 12)። ኢዮአስ ካህናቱ ወደ ቤተ እግዚአብሔር የሚመጣውን ገንዘብ እያንዳንዳቸው ከሚያውቁት ሰው ተቀብለው የቤቱን ፍራሽ እንዲጠግኑ አዝዞ ነበር። በነገሠ በ23ኛው ዓመት ግን ፍራሹ ገና አልተጠገነም። መጽሐፉ ካህናቱን ሌቦች አላላቸውም፤ ልብ ሊባል የሚገባውም ይህ ነው። ተቀባዩ፥ ጠባቂው፥ ከፋዩና አሠሪው አንድ ሰው ሲሆን፥ ሰውየው ጻድቅ እንኳ ቢሆን፥ የዕለቱ ጉዳይ የዓመቱን ሥራ ይበላዋል። ዛሬ አንዱ ይቸገራል፥ ነገ ሌላው፤ ማንም ክፉ ሳያስብ ቤቱ ይፈርሳል። ንጉሡም ካህናቱን ጠርቶ ከወቀሰ በኋላ ቅጣት አላመጣባቸውም፤ ሥርዓቱን ለወጠ እንጂ። ካህኑ ዮዳሄ የሣጥን ክዳን ነድሎ በመሠዊያው አጠገብ፥ ወደ ቤቱ በሚገባው ሰው በስተ ቀኝ አኖረው፤ ደጁን የሚጠብቁት ካህናትም የመጣውን ገንዘብ ሁሉ በዚያ ይጨምሩ ጀመር። ብዙ በሆነ ጊዜ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ መጥተው በአንድነት ይቈጥሩታል፤ ከዚያም በሥራው ላይ ለተሾሙት ተሰጥቶ ለአናጢዎች፥ ለግንበኞች፥ ለድንጋይ ወቃሪዎች፥ ለእንጨትና ለድንጋይ መግዣ ይውላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሣጥኑ ይልቅ የሚያስተምር ነገር አለ። ለጥገና የገባው ገንዘብ የብር ጽዋና ሌላ ንዋይ አልተሠራበትም፤ የብር ጽዋ ቅዱስ ነገር ሆኖ ሳለ። ሕዝቡ የሰጠው ለፍራሹ ነበርና። በዜና መዋዕል ካልዕ ምዕራፍ 24 እንደ ተጻፈው ጥገናው ከተፈጸመ በኋላ የተረፈውን በንጉሡና በዮዳሄ ፊት አቅርበው ያን ጊዜ ንዋየ ቅድሳቱን አሠሩበት። የዛሬ ሒሳብ ሊቃውንት ለተወሰነ ጉዳይ የተሰጠ ገንዘብ ለዚያው ጉዳይ ብቻ ይውላል፥ ሲተርፍም ሥልጣን ባለው ጉባኤ ፊት ይወሰናል የሚሉት ይህንኑ ነው። ደግሞም የበደልና የኃጢአት መሥዋዕት ገንዘብ ወደ ጥገናው አልገባም፤ ለካህናቱ መተዳደሪያ እንደ ነበረ ቀረ። ለሕንፃው ሲባል የአገልጋዩ እንጀራ አልተነካም። ቅጽሩ በእምነ በረድ እየተነጠፈ መሪ ጌታውና ቀዳሹ ደመወዛቸውን በወሩ የማያገኙበት ደብር ይህን ንባብ ሊያደምጠው ይገባል።

ምናልባት አንዱ ተነሥቶ በዚያው ምዕራፍ ሠራተኞቹን ሒሳብ እንዳልጠየቋቸው፥ በታማኝነት ይሠሩ እንደ ነበር ተጽፎ የለምን ይለን ይሆናል። ተጽፎአል። ነገር ግን ገንዘቡ ለእነርሱ ከመድረሱ በፊት በሁለት ሹማምንት ፊት ተቈጥሯል፤ የተሰጣቸው ሥራም በዓይን የሚታይ ግንብ ነው። ሌላውም የግራ እጅህ ቀኝህ የምታደርገውን አትወቅ የሚለውን የጌታችንን ትምህርት ያነሣል። ይህ ትእዛዝ የተሰጠው ለመጽዋቹ ነው፤ ከውዳሴ ከንቱ እንዲጠበቅ። የሰውን ምጽዋት ለተቀበለው ሰው አይደለም። ተቀባዩስ ቀኙ የተቀበለውን ግራው ሊመዘግበው ይገባል። የጠፋውን ሁሉ በዚህ ቃል ሲሸፍኑ መስማት የሚያሳዝን ነው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉት ድሆች ከመቄዶንያና ከአካይያ ገንዘብ በሰበሰበ ጊዜ ብቻውን ይዞት ሊሄድ ይችል ነበር፤ ማን ይጠረጥረዋል? እርሱ ግን የቆሮንቶስ ሰዎች በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ጥቂት ጥቂት እንዲያስቀምጡ፥ የሚወስዱትንም ሰዎች ራሳቸው እንዲመርጡ አዘዘ (1ኛ ቆሮ. ምዕ. 16)። ኋላም ከቲቶ ጋር በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ሌላ ወንድም ላከ፤ ምክንያቱንም አልደበቀም፤ በዚህ ብዙ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈው፥ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እንደሚያስብ ገለጠ (2ኛ ቆሮ. ምዕ. 8)። ልቤን እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ ሒሳብ የሚከለክል አስተዳዳሪ ከሐዋርያው የበለጠ ተአማኒነት ለራሱ ሰጠ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ ዘመናት የኖረችው በመሬት ነበር። አገልጋዩ በያዘው መሬት ያገለግል ነበርና ገንዘብ ቈጥሮ መቀበልና ቈጥሮ መክፈል የየዕለት ሥራ አልነበረም። ንዋየ ቅድሳቱን፥ ዕጣኑንና ጧፉን የሚጠብቀው ገበዝ ነበር፤ ጥበቃውም በብዙ ቦታ በማስታወስና በመሐላ እንጂ በመዝገብ አልነበረም። በ1965 ዓ.ም. በሁለተኛው ፓትርያርክ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ ቃለ ዓዋዲ ወጣ። ካህናት፥ ምእመናንና ወጣቶች በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው አጥቢያቸውን እንዲያስተዳድሩ፥ ምእመኑም በየዓመቱ አስተዋጽኦ እንዲከፍል ተደነገገ። ሁለት ዓመት እንዳለፈ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ በአዋጅ ተወረሰ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። ደንቡን ያዘጋጁት አባቶች የሚመጣውን ሁሉ አውቀውት ነበር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን በልጆቿ እጅ ልትቆም የሚገባት መሆኑን አይተው ነበር፤ ያዩትንም በወረቀት ላይ በሥርዓት አውርደውት ስለ ነበር፥ መሬቱ በሄደ ጊዜ ብዙው አጥቢያ የሚይዘው ነገር አላጣም። ስለ ራእይ ሲነገር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ በአገራችን አላውቅም።

ይሁን እንጂ ከመሬት ወደ አስተዋጽኦ መሻገር ማለት ከአንድ ባለ ርስት ወደ ብዙ ሺህ ሰጪ መሻገር ማለት ነው፤ የብዙ ሰጪም እምነት በደረሰኝ ይጠበቃል። ስለዚህ ከአንድ ብር ጀምሮ የሚገባው ገንዘብ ሁሉ ተከታታይ ቍጥር ባለው የገቢ ደረሰኝ መግባት አለበት፤ ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሹሙም አንድ ሰው ሊሆኑ አይገባም። ሙዳየ ምጽዋቱ በአንድ ቍልፍ አይከፈትም፤ የካህናትና የምእመናን ወኪሎች በተገኙበት ይቈጠራል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝበታል፤ የተቈጠረውም ሳያድር ወይም በማግሥቱ ባንክ ይገባል እንጂ ከቆጠራው ጠረጴዛ ላይ ለማንም አይከፈልም። ከባንክም በሁለት ፊርማ ይወጣል። በየወሩ የባንኩ መግለጫና የደብሩ መዝገብ ጎን ለጎን ተደርገው ሊመሳከሩ ይገባል። ለዚህ ሥራ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ባለመሠራቱ የተነሣው ጠብ ግን ብዙ ደብር ለሁለት ከፍሏል። በዘመናችን ደግሞ በእጅ ስልክ ገንዘብ መላክ ቀላል ስለ ሆነ፥ ለገዳም ወይም ለአብነት ተማሪዎች እየተባለ በግለሰብ ስም የተከፈተ የሒሳብ ቍጥር ሲሠራጭ ይታያል። ላኪው በቅን ልቡና ይልካል፤ የሒሳቡ ባለቤት ደግም ቢሆን ሟች ነውና ነገ ቢያርፍ ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ወራሾቹ ነው። በገዳሙ ስም ያልተከፈተ ሒሳብ የገዳሙ ሒሳብ አይደለም።

ሰፊ ንግግር የሚያስፈልገው ስለ ሕንፃ ነው። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንደሚቈጥር፥ መሠረቱን ጥሎ መፈጸም ቢያቅተው መዘባበቻ እንደሚሆን አስተማረ (ሉቃ. ምዕ. 14)። ምሳሌ እናድርግና አንድ ደብር በዓመት 900,000 ብር የማያቋርጥ ገቢ አለው እንበል። ለአገልጋዮች ደመወዝ 620,000፥ ለዕጣን፥ ለጧፍና ለዘቢብ 80,000፥ ለሀገረ ስብከት 100,000፥ ለልዩ ልዩ 50,000 ብር ቢያወጣ የሚተርፈው 50,000 ነው። ይህ ደብር 12,000,000 ብር የሚፈጅ ሕንፃ ከትርፉ እሠራለሁ ቢል 240 ዓመት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለሕንፃው ራሱን የቻለ መዋጮና ራሱን የቻለ የባንክ ሒሳብ ሊኖረው ይገባል። አስቸጋሪው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ሕንፃ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ መብራቱ፥ ጥበቃው፥ ጥገናው፥ የሚጨመሩት አገልጋዮች ደመወዝ ግን በየዓመቱ ይመጣሉ። መሠረት ድንጋይ የሚጥል ጉባኤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት በጀት አብሮ ካላዘጋጀ፥ የጀመረው ሥራ ቢፈጸምለት እንኳ ደብሩን ያስቸግረዋል። በየአገሩ ቆርቆሮ ሳይለብሱ ዝናብ የሚመታቸው ግድግዳዎች የእምነት ማነስ ያቆማቸው አይደሉም፤ ሳይቈጥሩ የጀመሩ ሰዎች ያቆሟቸው ናቸው። ደግሞም በምሳሌያችን የተረፈው 50,000 ብር የአንድ ወር ደመወዝ እንኳ አይሞላም። የደብር ገቢ በንግሥ ቀን ሞልቶ በሌላው ወር ይጎድላልና፥ ቢያንስ የሦስት ወር ደመወዝ የሚሆን መጠባበቂያ ቀስ በቀስ ሳይከማች ወደ ሌላ ሥራ መሄድ አይመከርም። ዮሴፍ ስለ ነገ አልተጨነቀም፤ ከሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አምስተኛውን እጅ ግን አስቀመጠ።

የመንግሥት ሕግም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቍጥር 1113 የአንድ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከመቶ 20 እጅ እንዳይበልጥ ይወስናል፤ የሃይማኖት ተቋማትን ግን አይመለከትም። በአሜሪካ ያሉ አጥቢያዎቻችንም ቤተ ክርስቲያን በመሆናቸው ሌሎች በጎ አድራጊ ድርጅቶች በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤት የሚያቀርቡትን የሒሳብ መግለጫ እንዲያቀርቡ አይገደዱም፤ ይሁንና ሰጪው ከ250 ዶላር ላላነሰ ስጦታ ከግብር ቅናሽ ለማግኘት ከአጥቢያው የተጻፈ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። በሁለቱም አገር ቤተ ክርስቲያን የተተወላት ለክብሯ ነው። ቄሣር አልጠየቀንም ብለን መዝገባችንን ከዘጋን፥ ቄሣር የማያውቃቸው መበለታት ዘንድ ምን ልንመልስ ነው? የዓመቱን ገቢና ወጪ በአንድ ገጽ አድርጎ በቅጽሩ በር ላይ መለጠፍ ብዙ ወጪ የለውም። የለጠፉ አጥቢያዎች ምእመኑ ከቀድሞው ይልቅ ሲሰጥ እንጂ ሲቀንስ አላዩም ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔም አምናለሁ።

በመጨረሻ ስለ ርክክብ ልናገር። ሰበካ ጉባኤ ዘመኑን ፈጽሞ ሲወርድና አዲሱ ሲተካ፥ ብዙ ጊዜ የሚተላለፈው የቍልፍ ዘለላ ብቻ ነው። ዕዝራ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም በተነሣ ጊዜ በመንገድ ከጠላት የሚጠብቀው ጭፍራ ከንጉሡ ለመለመን አፍሮ ነበር፤ እግዚአብሔር ይጠብቀናል ብሎ ተናግሮ ነበርና፤ በጭፍራው ፈንታ ጾም ዐወጀ (ዕዝ. ምዕ. 8)። ጭፍራ ያልፈለገው ይህ ሰው ሚዛን ግን ፈለገ። ከካህናት አለቆች አሥራ ሁለት ለይቶ 650 መክሊት ብር፥ 100 መክሊት የሚመዝን የብር ዕቃ፥ 100 መክሊት ወርቅ መዝኖ ሰጣቸው፤ በኢየሩሳሌምም በአራተኛው ቀን ሁሉም በቍጥርና በሚዛን እንደ ገና ተመዝኖ ተጻፈ፤ ተቀባዮቹም የኦርያ ልጅ ካህኑ ሜሪሞትና የፊንሐስ ልጅ አልዓዛር፥ ከሌዋውያንም ዮዛባትና ኖዓድያ ነበሩ። የእኛም ወራጅ ጉባኤ የባንክ ቀሪ ሒሳቡን፥ ያልተከፈለ ዕዳውን፥ ያልተሠራባቸውን ደረሰኞች ከነቍጥራቸው፥ የመስቀሉን፥ የጽናጽሉንና የካባውን ዝርዝር፥ በአደራ የተቀመጠውንም ጭምር አንድ በአንድ አስቈጥሮ፥ አስረካቢና ተረካቢ በየገጹ ቢፈርሙበትና አንዱ ቅጂ ለሀገረ ስብከቱ ቢላክ መልካም ነው። ይህም የበጀቱ ዓመት ከሚዘጋበት ከሰኔ 30 በፊት ቢደረግ፥ አዲሱ ጉባኤ ሐምሌ 1 ቀን በራሱ መዝገብ ሥራውን ይጀምራል።